መጻጉዕ በሐውድ ሜዳ፦ ስለ ጤናና ስለ ርቀት ለጅጅጋ ሕዝብ የተደረገ ንግግር



ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን አልፎ፥ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጅጅጋ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከተራራው ወገብ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት፥ ዓይን የሚያግድ ኮረብታ የሌለበት ሜዳ እስከ ሰማይ ዳርቻ ተዘርግቶ ያያል። ከሜዳው መጀመሪያ ላይ ያለችውን የዚህችን ከተማ ጎዳናዎች በቀጥታ መስመር ያስቀየሱት፥ በዘመናቸው አውራጃውን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ዛሬም ከመካከለኛው ሠፈር ቆሞ መንገዱን አሻግሮ ለሚያይ ሰው የዚያ ሥርዐት ምልክቱ አልጠፋም። ነገር ግን ቀጥ ያለው ጎዳና ከከተማው ዳርቻ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሀገር የሚመራው የግመል ዱካና የዝናብ ወሬ ነው። እኔም ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ጎዳናው ካለቀበት ወዲያ ስለሚኖረው ሰው ጤና፥ እንዲሁም ከጎዳናው ዳር ተቀምጦ ጎዳናው ስለማይጠቅመው ድኻ ለመናገር ነው።

በዐቢይ ጾም ከሚውሉት እሑዶች አራተኛው መጻጉዕ ይባላል። በዚህ አዳራሽ ከሚያዳምጡኝ ወገኖቼ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸውና ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በኢየሩሳሌም፥ በበጎች በር አጠገብ፥ አምስት መመላለሻ ያላት ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባባት ድውይ ይፈወስ ነበርና ዕውሩም አንካሳውም በዙሪያዋ ተኝቶ ይጠብቃል። ከነዚህም መካከል 38 ዓመት በአልጋ ቍራኛ የኖረ አንድ መጻጉዕ ነበረ። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሰጠው መልስ ስለ ደዌው ጽናት አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን፥ እርሱ ሲንፏቀቅም ሌላው እየቀደመው መኖሩን ብቻ ነበር የተናገረው። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቍጥር የሚያስደንቀኝ ርቀቱ ነው። ፈውሱ ከርሱ ጥቂት ክንድ ብቻ ርቆ ነበር፤ 38 ዓመት የፈጀው ያ የጥቂት ክንድ መንገድ ነው። ሐኪሞች የድውዩን ሰውነት ሲመረምሩ የሚያገኙት ሽባነቱን ነው፤ ሰው ማጣቱን ግን በምን መሣሪያ ያገኙታል?

ይህን ሰው ማጣት መርምሮ ስም ለማውጣት የሞከሩ ሊቃውንት በየዘመኑ ተነሥተዋል። ሩዶልፍ ፊርሖ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1848 እ.ኤ.አ. ወደ ላይኛው ሲሌዥያ ስለ ታይፈስ ወረርሽኝ እንዲመረምር በተላከ ጊዜ፥ ለመንግሥቱ ይዞለት የተመለሰው የመድኃኒት ዝርዝር አልነበረም፤ ሕዝቡ ትምህርት፥ ነጻነትና እንጀራ ያስፈልገዋል የሚል ዘገባ ነበር። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በአልማ አታ ከተማ የተሰበሰቡት የዓለም መንግሥታት፥ ጤና ለሁሉ እንዲዳረስ ውኃና ምግብ፥ ትምህርትና ንጽሕና ከሕክምና ጋር በአንድነት መቈጠር አለባቸው ብለው ተስማሙ። ጉባኤው የተከፈተው በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ሲሆን መግለጫው የጸደቀው መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በአንዱ ዓመት ጀምረው በሌላው ጨረሱት። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ደግሞ በሰር ማይክል ማርሞት የሚመራው የዓለም የጤና ድርጅት ኮሚሽን ይህንኑ ሐሳብ በብዙ ማስረጃ አስደግፎ በድጋሚ አቀረበው። እኛም ብንሆን ከዚህ ትምህርት ባዳ አልነበርንም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒተሪያኑን አንድ ላይ አሠልጥኖ አንድ ላይ ወደ ገጠር ሲልካቸው፥ አንዱ በሽተኛውን ሲያይ ሌላይቱ እናቲቱን፥ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን እንዲያይ ነበር። ሳኒተሪያኑ ከሐኪሙ እኩል መላኩን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ቍጥሩ ልግባ፤ ቍጥር የሚያሰለቸው አድማጭ ጥቂት ይታገሠኝ። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል ዋና ዋናዎቹን ክትባቶች አሟልተው የወሰዱት በአዲስ አበባ ከ100 89፥ በሶማሌ ክልል ከ100 22 ነበሩ። በጤና ተቋም የተወለዱት በአዲስ አበባ ከ100 97፥ በሶማሌ ክልል ከ100 18 ነበሩ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ1000 ሕፃናት በአዲስ አበባ 39፥ በዚህ ክልል 94 ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ጤና ጣቢያው በዝቷል፥ የካራማራ ሆስፒታል ብቻውን ይሸከመው የነበረውን ሸክም የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲው የሼክ ሐሰን የበሬ ሆስፒታል ተጋርቶታል። ቢሆንም ይህን ልዩነት በዐይነ ልቡና ተመልከቱት። ሕፃናቱ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተወልደዋል፤ የኩፍኙ ክትባትም ከአንድ መጋዘን የወጣ ነው። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ የሞቱ መጠን ከእጥፍ በላይ ከተለያየ፥ ልዩነቱን ከመድኃኒቱ ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ከውኃ እንጀምር፤ በዚህ ሀገር ከውኃ የማይጀምር ነገር የለምና።

ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ በቀብሪ በያሕና በሐርቲ ሼክ አድርጎ እስከ ሐርሺንና እስከ ድንበሩ የሚደርሰው ሐውድ የተባለው ሜዳ፥ ዝናብ ሲዘንብለት ለግመልና ለበግ ገነት ነው፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም፥ የከርሰ ምድር ውኃውም እጅግ ጥልቅ ነው። ስለዚህ የሀገሩ ሰው ካለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ቢርካ የሚባለውን ጕድጓድ እየቈፈረ፥ ውስጡን በድንጋይና በሲሚንቶ እየለበጠ፥ አፉን በእሾህ ቅርንጫፍ እየሸፈነ የጎርፍ ውኃ ማጠራቀም ጀመረ። ቢርካ የብልኅ ሕዝብ ሥራ ነው፤ ባየሁት ጊዜ ሁሉ አደንቀዋለሁ። ይሁን እንጂ ቢርካ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ውኃም ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ጂላል የተባለው የደረቁ ወራት እየገፋ ሲሄድ ከቀን ወደ ቀን ይወጣል። ቢርካው ሲነጥፍ ደግሞ ውኃው በቦቴ ከሩቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ምስኪኑ ፍየሉን ሸጦ ውኃ ይጠጣል። (ምስኪን የሚለው ቃል በአማርኛም፥ በዐረብኛም፥ በሶማልኛም አንድ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፥ ሦስቱ ሕዝቦች ስለ ድኽነት ሲነጋገሩ አስተርጓሚ እንደማያሻቸው ይረዳል።)

በስደተኞች መጠለያ እንኳ ለአንድ ነፍስ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ እንዲደርስ የዓለም የርዳታ ድርጅቶች ተስማምተው ልክ አበጅተዋል። ሰባት ነፍስ ባለበት ቤት ይህ 105 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር ከአምስት ጀሪካን ይበልጣል። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ በጀርባዋ የምትሸከመው አንዱን ነው። እንግዲህ የውኃው ቦታ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ፥ ይህች ሴት ለመጠጥና ለገንፎ የሚበቃውን ብቻ አምጥታ የቀረውን ትተወዋለች፤ የምትተወውም እጅ መታጠቢያውን፥ የሕፃኑን ፊት መጥረጊያውን፥ ልብስ ማጠቢያውን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ተቅማጥ፥ የዓይን ማዝ፥ እከክ ነው። እኛ ደግሞ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ እጅን በሳሙና ስለ መታጠብ የሚያስተምር ሥዕል እንለጥፍና ግዴታችንን እንደ ፈጸምን ሰው ወደ ቤታችን እንገባለን። ሥዕሉን መለጠፍ ነውር የለውም፤ ውኃ ሳይቀዱለት ሥዕሉን መለጠፍ ግን በተራበ ሰው ፊት ስለ ማዕድ ሥነ ሥርዐት እንደ መስበክ ነው።

የሐርቲ ሼክን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባኛል። በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ተነሥቶ ሐርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ፥ ሕዝቡ በእግሩ ድንበሩን ተሻግሮ በዚህ ሜዳ ላይ ሰፈረ። በብዛቱ ጊዜ ሩብ ሚሊዮን የሚሆን ነፍስ የያዘው ያ ሠፈር በዓለም ላይ ከነበሩት የስደተኞች መጠለያዎች ሁሉ ትልቁ ይባል ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ በቦቴ ተጭኖ ይመጣ ነበር፤ ቦቴው ሲበላሽ ወይም መንገዱ በጭቃ ሲያዝ የቀኑ ጥም የሕዝቡ ሁሉ ነበረ። ሠፈሩ በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ ሜዳው ላይ የቀረው የተጨፈጨፈ ቍጥቋጦና የአካባቢው ባላገር ነው። በ1983 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቀብሪ በያሕ መጠለያ ግን ከጀረር ሸለቆ ውኃ በቧንቧ ተስቦ መጣለት፤ ከቧንቧውም ስደተኛው ብቻ ሳይሆን የከተማው ሰው ጭምር ይጠጣል። በእኔ አስተያየት በዚህ አካባቢ ከተሠሩት የጤና ሥራዎች ሁሉ፥ ሆስፒታሎቹንም ጭምር ቈጥሬ፥ ከዚያ ቧንቧ የሚበልጥ ጥቂት ነው። የሠሩት ግን መሐንዲሶች ናቸውና በጤና ሪፖርት ላይ አናገኘውም።

ስለ ምግብም ቢሆን ነገሩ ከዚሁ የራቀ አይደለም። የአርብቶ አደር ልጅ ዋና ምግቡ ወተት ነው፤ ስለዚህ ሕመሙ የሚጀምረው ከራሱ ሰውነት ሳይሆን ከላሚቱና ከግመሊቱ ጡት ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ በሲቲ ዞን በሽንሌ፥ በኤረርና በአይሻ ሜዳ ላይ ከብቱን ሲፈጀው፥ በኋላም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ሲነጥፍ፥ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ የከሱ ሕፃናትን ያየነው ከብቱ ካለቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። የከሳውን ሕፃን ኩፍኝ ሲያገኘው በጠገበው ሕፃን ላይ የማያደርሰውን ያደርስበታል። የሞቱ ወረቀት ላይ ግን የሚጻፈው ኩፍኝ ነው፤ ላሚቱ አትጻፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በጆሮዬ የደረሰ ክርክር አለ፤ በከተማ የሚኖሩ፥ የተማሩ፥ በጎ አሳቢም የሆኑ ሰዎች የሚያነሡት ነው። ዘላን ልማዱን አይለቅም፥ ሕክምና አይወድም፥ ድንቍርናው ነው የገደለው ይላሉ። ይህን ነገር በትዕግሥት መመርመር እንጂ በቍጣ መመለስ አይገባም፤ ስለዚህ ሁለት ምስክር ልጥራ።

የመጀመሪያው ምስክር ፈንጣጣ ነው። በ1963 ዓ.ም. በሀገራችን የፈንጣጣ ማጥፋት ሥራ ሲጀመር፥ ደጋውም ቈላውም በበሽታው የተወረሰ ነበር። ዘመቻው እያደገ ሄዶ በመጨረሻ በሽታው የተጠለለው በኦጋዴን በረሃ ነው፤ የመጨረሻውም በሽተኛ በኢትዮጵያ ምድር በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በዚያ ተገኘ። ፈላጊዎቹ ግመሉን እየተከተሉ፥ ከውኃ ጕድጓድ ወደ ውኃ ጕድጓድ እየዞሩ፥ ጠባሳ ያለበትን ፊት እየጠየቁ ደረሱበት። ሕዝቡ ክትባት ቢጠላ ኖሮ በዚያ ስፍራ በሽታውን ማጥፋት ባልተቻለም ነበር፤ ክትባቱ ወደ እርሱ ሄደለትና ጠፋ። ከዚያም በሽታው ድንበር ተሻግሮ በሶማሊያ ቀጠለ። በዓለም ሁሉ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የታመመው የመጨረሻው ሰው፥ ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. በመርካ ከተማ ሽፍታው የወጣበት ዓሊ ማው ማሊን ነው። ይህ ሰው ዘላን አልነበረም፤ የከተማ ልጅ፥ ያውም የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ ሳይከተብ የቀረውም መርፌው ያመኛል ብሎ ፈርቶ እንደ ሆነ በኋላ ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ ከበረሃው ዘላንና ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ማናቸው ነው ልማድ ያሰረው? ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዓሊ ድኖ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ ፖሊዮን ለማጥፋት በተነሣው ዘመቻ ገብቶ፥ በፈንጣጣ መጨረሻው እርሱ እንደ ነበረ ለእናቶች እየመሰከረ ልጆቻቸውን ያስከትብ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ፖሊዮ በሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ሶማሌ ክልላችን፥ ወደ ዶሎ ዞን በገባ ጊዜ፥ እርሱ በዚያው በመርካ በዘመቻው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። ነፍሱን ይማር፤ በእኛ ከተማ ስሙ ቢታወስ አይበዛበትም።

ሁለተኛው ምስክር ከብት ነው። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሱት፥ ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. የነበረው ረኃብ፥ ደስታ በሚባለው የከብት በሽታ የተነሣ መሆኑን ታውቃላችሁ። (ለዚህ ዓይነቱ መዓት ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደ ሆነ ሁልጊዜ እገረማለሁ።) ይህ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ በዓለም ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻ ምሽጉ የአፋር በረሃ ነበረ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም ሙቀት የሚችል፥ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው ክትባት ተሠርቶ፥ ከአፋሮቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው ይዘውት ዞሩና ነቀሉት። አርብቶ አደሩ ከብቱን ለማስከተብ አልፈራም፤ ይጠይቅ ነበር እንጂ። በቻድ ሀገር በዘላኖች መካከል የተደረገ ጥናትም በተጠኑት ሠፈሮች ከብቶቹ ተከትበው ሳለ ሙሉ ክትባት ያገኘ ሕፃን አንድ እንኳ እንዳልነበረ አሳይቷል፤ የእንስሳ ሐኪሙ ወደ በረቱ ሲሄድ የሰው ሐኪሙ ከተማ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ መኪና ይሂዱ ተባለ። ይህን መንገድ በእኛ ሀገር ለመሞከር የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከስዊስ የሐሩር ሕክምና ተቋምና ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ሰውንና እንስሳን በአንድነት የሚያይ ሥራ ጀምሯል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ወጭውንም የሁለት መሥሪያ ቤት በጀት እንዴት እንደሚካፈለው ካልተወሰነ በጥናት ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ልማድ የሚባል እንቅፋት ጭራሹን የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብል ሰውን ለማስደሰት እውነትን መሸጥ ይሆንብኛል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት፥ በዚህ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከ100 99 የተገረዙ ሲሆኑ፥ ከነዚህ ከ100 73 ፈርዖናዊ በሚባለው፥ ገላ ተሰፍቶ በሚዘጋበት ግርዛት ያለፉ ናቸው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 566 ይህን ድርጊት ይቀጣል፤ ብዙ የእስልምና ሊቃውንትም ያወግዙታል። ግን ሕግ አውጥተን የምንጠብቀው ሴት ልጅ ባል የምታገኝበትን፥ ቤተሰቧ የሚከበርበትን ሌላ መንገድ ሳናሳይ ከሆነ፥ ወላጆች ልጃቸውን የሚወዱ ስለ ሆኑ ብቻ ሕጉን ይጥሳሉ። ይህ መራራ ነገር ነው፤ ክፉ የሚደረገው በክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን በቀለለ።

ያቺው የተሰፋች ልጅ አድጋ ምጥ ሲይዛት ምን እንደሚሆን እንመልከት። ሴረን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የእናቶች ሞት ከሦስት መዘግየቶች ይመጣል ብለው ጽፈዋል፤ የመጀመሪያው ለመሄድ ከመወሰን መዘግየት፥ ሁለተኛው ከመንገድ መዘግየት፥ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ከሕክምና መዘግየት ነው። የጤና ባለሙያዎቻችን ይህን ትምህርት በቃላቸው ያውቁታል። እኔ ግን በሐርሺን ወይም በደንበል ገጠር ምጥ የያዛትን ሴት በዐሳቤ ስከተላት፥ ሦስቱ መዘግየቶች በመደዳ የተሰለፉ ሆነው አይታዩኝም፤ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ባልዋ ከግመሎቹ ጋር ሩቅ ነው፤ ገንዘቡ በግመሉ ጀርባ ላይ ነው፤ ኡሙሊሶዋ፥ ማለት የልምድ አዋላጂቱ፥ በአጠገቧ ናት፤ አምቡላንሱ በወረዳው ከተማ ነው፤ ስልኩ የሚሠራው ከኮረብታ ላይ ሲወጡ ነው። ቤተሰቡ ለመሄድ የማይወስነው መንገዱን ስለሚያውቅ ነው፤ ከመንገዱም ይልቅ መጨረሻውን፥ ማለት ቋንቋዋን የማይሰማ ነርስና ደም የሌለበት ማዋለጃ ክፍል ሊጠብቃት እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ድንቍርና ብሎ የሚጠራ ሰው ራሱ በዚያ ቦታ ቢሆን ሌላ ውሳኔ ይወስን እንደ ሆነ ልቡን ይጠይቅ። ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲውል ሕፃኑ ይሞታል፤ እናቲቱ ብትተርፍ ፌስቱላ ይተርፋታል። ከዚያ በኋላ ለዚሁ ደዌ ወደ ሐረር፥ ወደ ሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ትጓዛለች። በዚያ በእውነት ፈውስ ታገኛለች፤ ግን ለፈውሷ የምትሄደው መንገድ ለምጧ ከሚያስፈልጋት መንገድ እጅግ የሚረዝም መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ሲጀምር፥ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶችን አስቀምጦ ቤት ለቤት እያዞረ ማስተማሩ ለደጋው ሀገር ትልቅ በረከት ሆኗል። ወደ አርብቶ አደሩ ሀገር በመጣ ጊዜ ወንዶችም እንዲገቡበት፥ የትምህርት ደረጃውም ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ይህ ትክክል ነበር። ግን ቤት ለቤት የሚለው ሐሳብ ቤቱ ከማይነቃነቅበት ሀገር የመጣ ነው። ኬላ የሚለውን ቃልም ተመልከቱት፤ ጥንት ነጋዴው መጥቶ ቀረጥ የሚከፍልበት፥ ቁጭ ብሎ መንገደኛን የሚጠብቅ በር ማለት ነው፤ ጤና ኬላችንም በስሙ ሆነና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአራት ክልሎች ብቻ ነበር፤ ሶማሌ ክልል አልነበረበትም። እነዚህን ሥራዎች ያሰቡት ሰዎች በጎ ሰዎች ናቸው፤ ያሰቡት ግን ከአዲስ አበባ መስኮት ሆነው ነው።

የከተማውንም ድኻ አልረሳሁም። በራሳችን ሠፈር ቧንቧ ያልገባለት ሰው በአህያ ጋሪ ከሚሸጥ በርሜል ውኃ ሲገዛ፥ ቧንቧ ካለው ጎረቤቱ ይልቅ ለአንዱ ሊትር አብልጦ ይከፍላል። በባቢሌ አቅራቢያ ባለው በቆሎጂ ደግሞ፥ በድርቁና በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ከየቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በላስቲክ ቤት ውስጥ ዓመታት አሳልፈዋል፤ በዚያ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ፊደል የሚቈጥርበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ኩፍኝና ኮሌራ የሚወዱት ሠፈር እንዲህ ያለውን ነው።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት አንድ ልመና አለኝ፤ እርሱንም የማቀርበው በዚህ አዳራሽ በስተኋላ ለተቀመጣችሁት የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ነው። በሚመጣው ዓመት አንዳንዶቻችሁ ወደ ሐርሺን፥ ወደ አይሻ፥ ወደ ደንበል፥ ወደ ቱሊ ጉሌድ ትመደባላችሁ። ከመካከላችሁ ሶማልኛ የማትችሉ ካላችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ ተማሩ፤ ዓፊማድ ማለት ጤና ነው፥ የሐረርና የወሎ ሙስሊም ወገኖቻችሁ አፊያ ከሚሉት ቃል ብዙ የራቀ አይደለም፥ ከእርሱ ጀምሩ። የተመደባችሁበት ስፍራ ስትደርሱ መጀመሪያ የመድኃኒት መጋዘኑን ሳይሆን ውኃው የት እንደሚቀዳ፥ በጂላል ወራት አንድ ጀሪካን ስንት እንደሚሸጥ፥ ሕዝቡ በከራን ዝናብ ጊዜ ወዴት እንደሚሰማራ ጠይቁና በመዝገባችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። የጻፋችሁትንም ለወረዳው ምክር ቤት፥ ለውኃ ቢሮና ለእንስሳት ሐኪሙ ውሰዱላቸው። ዝውውር ለመጠየቅም አትቸኵሉ፤ ቢያንስ ሁለት ጂላል ከሕዝቡ ጋር አሳልፉ።